አራት ኪሎ ልጥል ብዬ ስድስት ኪሎ ወደቅሁ

ርዕሱን አይታችሁ «ይቺ ልጅ ደግሞ ምን ነካት?» ማለታችሁ አይቀርም። ቀልድ እንዳይመስላችሁ። አራት ኪሎ ያልኩት ሰፈሩን ሳይሆን ከገላዬ ላይ ላራግፈው የቋመጥኩትን ክብደት ነው። ስድስት ኪሎ ያልኩት ግን ሰፈሩን ራሱን ነው። ታክሲ ተራ ቆሜ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው መሀል ዘጭ ብያለሁ። እንዴት እዚያ እንደደረስኩና ከዚያ በኋላ ምን እንደተማርኩ ነው የዛሬው ጨዋታዬ። በተለይ ወፍራም ሳትሆኑ «ትንሽ ብቀንስ» እያላችሁ እንቅልፍ የምታጡ እህቶቼና ወንድሞቼ ጆሯችሁን አውሱኝ።

ነገሩ የጀመረው በሠርግ ነው። አብሮ አደጌ ልታገባ ሆነና «ሚዜ ሁኚልኝ» አለችኝ። በደስታ እሺ አልኩ። አምስታችን ሚዜዎች አንድ ዓይነት ቀሚስ ሊሰፋልን ልብስ ሰፊ ዘንድ ሄድን። ሰውየው ሜትራቸውን ወገቤ ላይ ጠምጥመው ቁጥሩን ጮክ ብለው ሲጠሩ፣ ከሚዜዎቹ አንዷ «ውይ! ወፍረሻል እኮ!» አለችኝ። አለቀ!

መቼም በእናቶቻችን ጊዜ «ወፈርሽ» ምርቃት ነበር። ተስማማሽ፣ አማረብሽ፣ ኑሮ ደላሽ እንደማለት ነው። «ምነው ከሳሽ? አመመሽ እንዴ?» የተባለችዋ ነበረች ቤቷ ገብታ የምታለቅሰው። በኛ ጊዜ ነገሩ ተገለባበጠ። እኔም ያቺን ቃል እንደ እሾህ ይዤ ስመለስ መንገድ ዳር ሚዛኑን ዘርግቶ የተቀመጠ ልጅ «ተመዘኚ እህቴ!» አለኝ። ወጣሁ። 61 ኪሎ! ቁመቴ 1 ሜትር ከ62 ሳንቲም ነው። እዚያው በቆምኩበት በራሴ ላይ ፈረድኩ። «57 እገባለሁ! ለሠርጉ ስድስት ሳምንት አለኝ።»

57ን ከየት አመጣሁት? ከሐኪም እንዳይመስላችሁ። የቀጭኗ ሚዜ ኪሎ ነበር።

*የረሃብ ሳምንታት*

በማግስቱ ዳይት ጀመርኩ። ጠዋት ስኳር የሌለው ቡና ብቻ። ምሳ ሲሶ እንጀራ በትንሽ ሽሮ። ከሰዓት በኋላ አንድ ብርቱካንና አንድ ማኪያቶ። ማታ ሁለት የተቀቀለ እንቁላል፣ ዘይት ያልነካው ሰላጣና አንድ ሙዝ። በኋላ ተደምሮ ሲታይ ይህ ሁሉ በቀን ከ750 ካሎሪ አያልፍም ነበር። ያኔ ግን ካሎሪ የሚባለውን ከስሙ በቀር አላውቀውም። የማውቀው እየራበኝ ከዋለ «እየሠራ ነው» ማለትን ብቻ ነው።

በመጀመሪያው ሳምንት ሁለት ኪሎ ገደማ ሄደ። ጮቤ ረገጥኩ! አብዛኛው ውሃ መሆኑን ማን ይንገረኝ? ሁለተኛው ሳምንት ላይ ሚዛኑ ፈዘዘ። ሦስተኛው ላይ እኔ ፈዘዝኩ። በጠራራ ፀሐይ ይበርደኛል። ለመጻፍ ተቀምጬ አንድ አረፍተ ነገር ሦስት ጊዜ እጀምራለሁ። ትንሹ ወንድሜ በሩን ጮክ አድርጎ ስለዘጋ ብቻ ሁለት ቀን አኮረፍኩት። ቀኑን ሙሉ የማስበው ምግብ ነው። ሌሊት ደግሞ ሁሉ ሲተኛ ማድ ቤት ገብቼ ደረቅ ዳቦ በማር እየነከርኩ እበላለሁ፤ ጠዋት በጸጸት ምሳዬንም እዘላለሁ። እናቴ አንድ ቀን መሶቡን ከፍታ አየችኝና «ልጄ፣ የተጣላሽው ከኛ ጋር ነው ወይስ ከእንጀራው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። በዚያው ወር የወር አበባዬ ሁለት ሳምንት ዘገየ። ለማንም አልተነፈስኩም።

አምስተኛው ሳምንት ላይ ነው ስድስት ኪሎ ታክሲ ተሰልፌ ዓይኔ የጨለመው። ስነቃ ራሴን አንዲት ቆሎ ሻጭ እናት ጭን ላይ አገኘሁት። ልጅ ልከው ለስላሳ አስመጥተው ቀስ እያደረጉ አጠጡኝ። ከዚያ ለከበበን ሰው «ምስኪን፣ የምትበላው አጥታ ነው መሰለኝ» ሲሉ ሰማሁ። ከጆንያቸው በእፍኛቸው ቆሎ ዘግነው እጄ ላይ አስጨበጡኝ። ገንዘብ ላወጣ ስል «ተይ ልጄ፣ ለታክሲሽ ይሁንሽ» አሉኝ።

አንባቢያን፣ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። ቤቴ ሙሉ መሶብ ትቼ የወጣሁ ሴት፣ ለዕለት ጉርሳቸው መንገድ ዳር የሚውሉ እናት ከጉርሳቸው አካፈሉኝ። ቆሎውን በላሁት። በሕይወቴ እንደዚያ የጣፈጠኝ ነገር የለም።

*ሲስተርና ሒሳባቸው*

ሰፈራችን ውስጥ ሁሉም «ሲስተር» እያለ የሚጠራቸው ጡረተኛ ነርስ አሉ። እናቴ እጄን ይዛ እሳቸው ቤት ወሰደችኝ። የደም ግፊቴን ለኩና ዝቅ ማለቱን ነገሩኝ፤ ነገ ጤና ጣቢያ ሄደሽ ደምሽን ተመርመሪ ብለውም አዘዙኝ። (ሄድኩ፤ ሌላ በሽታ አልተገኘብኝም።) ከዚያ መነጽራቸውን አድርገው ወረቀት አወጡ።

«ስትጀምሪ ስንት ኪሎ ነበርሽ?»

«61 ነበርኩ ሲስተር።»

«ቁመትሽን በራሱ አባዢው። ከዚያ ኪሎሽን ለሱ አካፍይው።»

1.62 በ1.62 ሲባዛ 2.62 ገደማ ነው። 61 ለዚህ ሲካፈል 23.2 መጣ። ሲስተር ሳቁ። «ከ18.5 እስከ 24.9 ያለው ጤናማ ክብደት ይባላል። በአንቺ ቁመት ከ49 እስከ 65 ኪሎ ማለት ነው። ታዲያ መሀሉ ላይ ተቀምጠሽ ምንሽን ነው የምትጥይው?»

ዝም አልኩ። ከ12ኛ ክፍል ወዲህ ሒሳብ ሠርቼ አላውቅም፤ ያን ዕለት ግን አንዲት ማካፈል አምስት ሳምንት ያሰቃየኝን ነገር ባዶ አደረገችው።

ካሎሪ ማለት የሙቀት መለኪያ ነው። እኛ በልማድ ካሎሪ የምንለው፣ የምግብ ማሸጊያ ላይ ኪሎ ካሎሪ ተብሎ የሚጻፈው፣ አንድ ኪሎ ውሃን በአንድ ዲግሪ የሚያሞቅ ጉልበት ነው። ሰውነታችን እንደ ምድጃ ነው። ተኝተን እንኳን እሳቱ አይጠፋም። ልብ ይመታል፣ ሳንባ ይነፋል፣ ጉበትና አንጎል ይሠራሉ። ለዚህ ብቻ የሚያስፈልገውን ለማስላት በፈረንጆች 1990 የወጣ ቀመር አለ። የሚፍሊንና የሴንት ጂዮር ቀመር ይባላል። እነሆ፦

ኪሎን በ10 ማባዛት፤ ቁመትን በሳንቲ ሜትር በ6.25 ማባዛት፤ ሁለቱን መደመር። ከዚያ ዕድሜን በ5 አባዝቶ መቀነስ። በመጨረሻ ሴት ከሆነች 161 መቀነስ፣ ወንድ ከሆነ 5 መጨመር።

የኔን ስናሰላው 610 ሲደመር 1012.5፤ ዕድሜዬ 28 ነውና 140 ሲቀነስ፤ 161 ሲቀነስ፤ 1321 መጣ። ይህ እንግዲህ ቀኑን ሙሉ ከአልጋ ሳልወርድ ብውል እንኳ የሚያስፈልገኝ ነው። እኔ ስበላ የነበረው 750! ሲስተር እስክሪብቷቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና «አየሽ፣ ለልብሽና ለአንጎልሽ የሚበቃውን ግማሽ ያህል ከልክለሽ ነው ታክሲ ተራ የቆምሽው» አሉኝ።

ከዚያ ደግሞ እንቅስቃሴ አለ። ቀኑን ተቀምጦ የሚውል ሰው ያገኘውን ቁጥር በ1.2 ያባዛል። ቀላል እንቅስቃሴ ያለው በ1.375። በሳምንት ከሦስት እስከ አምስት ቀን ደህና አድርጎ ስፖርት የሚሠራ በ1.55። በየቀኑ ማለት ይቻላል ጠንክሮ የሚሠራ በ1.725። እኔ ተቀምጬ እጽፋለሁ፤ ግን ታክሲ ለመያዝ እራመዳለሁ፣ ቤትም እሠራለሁ። በ1.375 ስናባዛው 1817 ሆነ። ስለዚህ 61 ኪሎዬን ይዤ ለመኖር በቀን ወደ 1800 ካሎሪ ያስፈልገኛል ማለት ነው።

*የግማሽ ማንኪያ ዘይት ነገር*

አሁን ነው ዋናው ቁምነገር። ሲስተር «እስኪ ያንን የተመኘሽውን 57 ኪሎ አድርገሽ እንደገና አስይው» አሉኝ። አሰላሁት። 1762 መጣ።

1817 ለ61 ኪሎዋ እኔ። 1762 ለ57 ኪሎዋ እኔ። ልዩነቱ 55 ካሎሪ!

55 ካሎሪ ስንት ነው? አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ወደ 120 ካሎሪ አለው፤ ግማሹ እንኳ ከ55 ያልፋል። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 16 ካሎሪ ገደማ ነው፤ ሦስት ማንኪያ ተኩል ማለት ነው። በቀን ሁለት ማኪያቶ በሁለት ሁለት ማንኪያ ስኳር የሚጠጣ ሰው ስኳሩን ብቻ ቢተው 64 ካሎሪ ይቀንሳል። እንግዲህ እኔና ያቺ ስመኛት የከረምኩት ቀጭን ሴት በቀን የምንለያየው በግማሽ ማንኪያ ዘይት ነበር። እኔ ግን ከሺህ ካሎሪ በላይ ቀንሼ መንገድ ላይ ወደቅሁ።

ጤናማ ክብደት አጠገብ ያለ ሰው ማወቅ ያለበት ይህንን ነው። በጣም ወፍራም የሆነ ሰው ጎተራው ሙሉ ነው፤ ብዙ ቢቀንስ ከጎተራው እየዘገነ ይከርማል፤ ይህም ቢሆን በሐኪም ምክር ነው። ጎተራው ልክ የሆነ ሰው ግን በአንድ ጊዜ ብዙ ሲቀንስ ሰውነት የሚያወጣው ስብ ብቻ አይደለም፤ ጡንቻም ይነካል። ብርድ ብርድ ማለቱ፣ ብስጭቱ፣ የወር አበባ መዘግየቱ «ቆጥብ» የሚል የሰውነት ደወል ነው።

ይህ የኔ ብቻ ጉድ እንዳይመስላችሁ። ከፈረንጆች 1944 መጨረሻ እስከ 1945 መጨረሻ በአሜሪካ ሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ፣ አንሴል ኪስ የተባሉ ተመራማሪ 36 ጤነኛ ወጣት ወንዶችን በፈቃዳቸው ለ24 ሳምንት አስርበው አጥንተው ነበር። ልብ በሉ፣ ወንዶቹ ጤናማ ክብደት የነበራቸው ናቸው። ይሰጣቸው የነበረው በአማካይ ወደ 1570 ካሎሪ ገደማ ሲሆን በየሳምንቱም ወደ 35 ኪሎ ሜትር ይራመዱ ነበር። ከክብደታቸው ሩብ ያህሉን አጡ። ይበርዳቸው፣ ይነጫነጩ፣ ይተክዙ ጀመር። ሕልማቸውም ወሬያቸውም ምግብ ብቻ ሆነ፤ የምግብ አሠራር መጽሐፍ እየሰበሰቡ የሚያነብቡም ነበሩ። ይህን ሳነብ ሌሊት ዳቦ በማር ስነክር የነበረችውን ራሴን አየኋት። ስግብግብ አልነበርኩም ለካ! የተራበ ሰው ነበርኩ።

*ታዲያ እንዴት ይሰላ?*

ቀመሩ ጥሩ መነሻ ነው እንጂ ቃለ መሐላ አይደለም። ኪሎና ቁመታቸው አንድ የሆነ ሁለት ሰዎች የሚያስፈልጋቸው ካሎሪ ሊለያይ ይችላል። ትክክለኛውን የሚነግራችሁ የገዛ ገላችሁ ነው። ሲስተር ያሠሩኝን እነሆ በረከት፦

1ኛ. ለሁለት ወይም ለሦስት ሳምንት ምንም ሳትቀንሱ የወትሯችሁን ብሉ። የበላችሁትንና የጠጣችሁትን ሁሉ ደብተር ላይ ጻፉ። ሳታሳንሱ! ሰው ሲባል የበላውን አሳንሶ መጻፍ ይወዳል።

2ኛ. ጠዋት፣ ምንም ሳትቀምሱ፣ ከመጸዳጃ ቤት መልስ፣ በአንድ ሚዛን ብቻ ተመዘኑ። እኔ በአንድ ቀን ሁለት መንገድ ዳር ሚዛን ላይ ወጥቼ የሁለት ኪሎ ልዩነት አይቻለሁ። የአንድ ቀን ቁጥር አያስደንግጣችሁ። ማታ ጨው የበዛበት ወጥ ከተበላ ውሃ ይያዛል፤ በወር አበባ ሰሞንም እንዲሁ። የሳምንቱን ደምራችሁ አማካዩን ውሰዱ።

3ኛ. ክብደታችሁ በነበረበት ከቆየ፣ በቀን በአማካይ የበላችሁት ማለት የሚያስፈልጋችሁ ማለት ነው። አለቀ። ከዚህ የተሻለ ቀመር የለም።

4ኛ. ጤናማው ክልል ውስጥ ሆናችሁ አሁንም ትንሽ መቀነስ ከፈለጋችሁ፣ ከዚያ ላይ 200 ወይም 250 ካሎሪ ብቻ አንሱ። የአንድ ኪሎ ስብ ጉልበት ወደ 7700 ካሎሪ ይገመታል። በቀን 250 ሲነሳ በወረቀት ላይ በወር አንድ ኪሎ ገደማ ነው፤ በተግባር ከዚያም ሊያንስ ይችላል። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የተባለው ለዚህ ነው።

«እኛ ቤት በአንድ ትሪ ነው የሚበላው፣ በምን እቆጥራለሁ?» ትሉኝ ይሆናል። እኔም ይህንኑ ጠይቄ ነበር። መቼም ጉርሻን የሚቆጥር ሚዛን አልተሠራም! ዘዴው ግን ቀላል ነው። ገበታው ሲቀርብ ስንት እንጀራ እንዳለና ስንት ሰው እንደሚበላ እዩ። የጤፍ ዱቄት 100 ግራሙ ወደ 360 ካሎሪ አለው። እንጀራ ግን ከግማሽ በላይ ውሃ ስለሆነ 100 ግራሙ ወደ 150 ገደማ ነው። 300 ግራም የሚመዝን አንድ እንጀራ 450 ያህል ማለት ነው። የቤታችሁን እንጀራ አንድ ቀን ሚዛን ላይ አውጡት፤ ከዚያ በኋላ በዓይን ይታወቃል።

ወጡን የሚያከብደው ደግሞ ሽሮው ወይም ምስሩ ሳይሆን ዘይቱና ቅቤው ነው። አምስት የሾርባ ማንኪያ ዘይት የገባበት ድስት ከዘይቱ ብቻ 600 ካሎሪ አለው፤ ለአምስት ሰው ሲካፈል 120 ይደርሳል። በጾም ወራት «ሥጋ አልበላሁ፣ ለምን አልከሳሁም?» የምትሉ መልሱ ድስቱ ውስጥ ነው። ለነገሩ ጾም ለነፍስ እንጂ ለወገብ የታዘዘ አይደለም።

ወንዶች ደግሞ «ይህ የሴቶች ጣጣ ነው» ብላችሁ ገጹን እንዳትገልጡት። ጂም የሚመላለስ አንድ ወዳጄ አለ። 26 ዓመቱ ነው፤ 68 ኪሎ፣ 1 ሜትር ከ75። «ቦርጬ አልጠፋ አለኝ» ብሎ እራቱን ትቷል። አሰላንለት። ሳይንቀሳቀስ 1649፣ ከነስፖርቱ 2556 ገደማ ያስፈልገዋል። የክብደትና የቁመቱ ምጣኔ 22.2 ነው፤ ማለትም ፍጹም ጤነኛ። እራቱን ትቶ ግን ቅዳሜ ማታ ከጓደኞቹ ጋር ሦስት ቢራ ይጠጣል። አንድ ጠርሙስ 330 ሚሊ ሊትር ቢራ ወደ 140 ካሎሪ ነው፤ ሦስቱ 420። የተወው እራት ጡንቻ ሊሠራለት የሚችል ምግብ ነበር፤ ያልተወው ቢራ ምን ይሠራለታል? ፍርዱን ለእናንተ።

አደራ የምላችሁም አለኝ። ነፍሰ ጡር የሆነች፣ ጡት የምታጠባ፣ ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅ፣ ስኳር ወይም ሌላ በሽታ ያለበት፣ ክብደቱ ከጤናማው በታች የሆነ ሰው ይህን ሒሳብ በራሱ እንዳይጀምር። ሐኪም ያማክር። ምግብ ማሰብና መቁጠር ቀንና ሌሊት እረፍት የነሣችሁ ካላችሁም ደብተሩን ዝጉትና ለሐኪም ወይም ለምታምኑት ሰው ንገሩ። የወር አበባ መቅረትንም እንደኔ አትደብቁ። «በሳምንት አምስት ኪሎ» እየተባለ የሚሸጠውን የማቅጠኛ ሻይ በተመለከተ፣ ብዙዎቹ የሚያስቀምጥ ቅጠል አለባቸው። ከሆድ የሚያወጡት ውሃ ነው፤ ስቡ ከነምኑ ቁጭ ይላል።

*ቀሚሱስ?*

ሠርጉ አንድ ሳምንት ሲቀረው ልብስ ሰፊው ዘንድ ተመለስኩ። መብላት ጀምሬ ስለነበር 60 ኪሎ ገብቻለሁ። ቀሚሱ ወገቤ ላይ ያዝ አደረገኝ። አንገቴን ደፍቼ «ጋሼ፣ መቀነስ ፈልጌ ነበር፣ አልሆነልኝም። ትንሽ ቢያሰፉልኝ?» አልኳቸው። ሰውየው ቀሚሱን ገልብጠው ውስጥ የተረፈውን ጨርቅ አሳዩኝ። ሁለት ጣት ያህል ትተውልኛል። «ልጄ፣ ልብስ ለሰው ይሰፋል እንጂ ሰው ለልብስ አይሰፋም» ብለው ስፌቱን መፍታት ጀመሩ። ሻዩ ሳይመጣ ጨረሱት።

በሠርጉ ዕለት ጨፈርኩ፣ በላሁ፣ አልወደቅሁም። ዛሬ 60 እና 61 መሀል ነኝ። ማኪያቶዬን ያለ ስኳር ለምጄዋለሁ፤ እሱም ቀሚስ አስገድዶኝ ሳይሆን ወድጄው ነው። 57 ኪሎን ረስቻታለሁ። ስድስት ኪሎ ባለፍኩ ቁጥር ግን እኚያን እናት እፈልጋቸዋለሁ። ሳገኛቸው ቆሎ እገዛለሁ፤ እሳቸውም ከሒሳቡ በላይ አንድ እፍኝ መርቀው «አሁንስ ደህና ትበያለሽ?» ይሉኛል።

እበላለሁ እማማ። የሚበቃኝን እበላለሁ።